በሐይቅና በአምባሰል የጥቂት ከብቶች መኖ አያያዝ

በሐይቅ ዙሪያና በአምባሰል ተራሮች ግርጌ የሚኖረው ገበሬ የሚያረባቸው እንስሳት ብዙውን ጊዜ በቁጥር ጥቂት ናቸው። ሆኖም በድርቅ ዘመን ቤተሰቡ በቀዬው መቆየቱ ወይም መሰደዱ በእነዚሁ ጥቂቶች ይወሰናል። በ1965 እና በ1977 ዓ.ም. ወሎን በመታው ረሀብ እንደታየው፣ ዝናም ሲቀር እህል ይወደዳል፤ ሁሉም ከብቱን በአንድ ጊዜ ወደ ገበያ ስለሚነዳ ግን የከብት ዋጋ ይወድቃል። በሬውን በዚያ ዋጋ የሸጠ ገበሬ ዝናሙ ቢመለስለትም መሬቱ ጦሙን ያድራል።

ስለዚህ የመኖው ሂሳብ መያዝ ያለበት አውድማው እንደተነሣ ነው። 250 ኪሎ ግራም የሚመዝን የአገር በሬ በቀን 6 ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል። ሁለት በሬ፣ አንዲት ላምና አምስት በጎች ያሉት ቤተሰብ፣ ከግጦሽ የሚገኘው ሳይታሰብ፣ በቀን ወደ 22 ኪሎ ግራም ያስፈልገዋል። ይህም ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት መጨረሻ ድረስ 26 ኩንታል ገደማ ይሆናል። የበልጉ ዝናም ከቀረና መኖው እስከ ሰኔ መጨረሻ መድረስ ካለበት ግን 46 ኩንታል ይጠይቃል። ይህን ያህል ጭድ የሚከምር ገበሬ ብዙ አይደለም።

ያው 26 ኩንታል ግን ሁለቱን በሬዎች ብቻቸውን እስከ ሰኔ መጨረሻ ያደርሳል። በጎቹ ሳይከሱ ለበዓል ገበያ ቢወጡ፣ ላሚቱም መኖ ወዳለው ዘመድ በአደራ ብትላክ የእርሻው ጉልበት ይተርፋል። እስከ የካቲት መጨረሻ ሁሉንም ሲመግብ የቆየ ሰው የሚተርፈው መኖ በሬዎቹን ለሁለት ወር እንኳ አያቆይም። የዝናሙን ነገር አይቶ መወሰን የተለመደ ቢሆንም፣ ውድ የሚያስከፍለው ይኸው መጠበቅ ነው።

ጭድ ሆድ ይሞላል እንጂ ብቻውን አቅም አይሰጥም፤ የባቄላና የምስር ገለባ ቢደባለቅበት ይሻላል። እሾሁ በእሳት የተለበለበ ቁልቋልም ውሃ አዘል በመሆኑ ይረዳል፤ ብቻውን ሲበላ ግን ያስቀምጣል። የሐይቁ ውሃ ጨው አልባ ስለሆነ ለከብት ይስማማል፤ ነገር ግን በረግረጉ ዳር ያለው ለምለም ሣር የጉበት ትል ስለሚያስይዝ፣ ከብቶቹን ማጠጣት የሚገባው ደረቅና ጠጠራማ በሆነው ጠርዝ በኩል ነው።