ሰውነታቸው የዕድገት ሆርሞንን ለማይቀበል አዋቂዎች የሚሰጥ ሕክምና

በመተማ ዮሐንስም ሆነ በሌላ አካባቢ የሚኖር፣ ቁመቱ ከልጅነቱ ጀምሮ እጅግ ያጠረ አዋቂ፣ የሆርሞን መርፌ ቁመት ይጨምርለት እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም። የአጥንት ዕድገቱን ላጠናቀቀ ሰው መልሱ አይጨምርም ነው። በዘር በተላለፈ እክል ምክንያት ሰውነቱ ሆርሞኑን ለማይቀበል ሰው ደግሞ የዕድገት ሆርሞን መርፌ በልጅነቱም ቢሆን አይጠቅመውም።

ይህ እክል ላሮን ሲንድሮም ይባላል፤ ስያሜውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1966 ከባልደረቦቻቸው ጋር ካስተዋወቁት እስራኤላዊ ሐኪም ዝቪ ላሮን ነው። ፒቱታሪ የተባለችው ዕጢ ሆርሞኑን በብዛት ታመነጫለች፤ ሆርሞኑን የሚቀበለው የሰውነት ክፍል ግን አይሠራም። በመሆኑም ጉበት አጥንትን የሚያሳድገውን አይ ጂ ኤፍ ዋን የተባለ ንጥረ ነገር በበቂ መጠን አያመርትም። ሳይታከሙ ያደጉ ወንዶች ቁመት ከ116 እስከ 142፣ የሴቶች ደግሞ ከ108 እስከ 136 ሴንቲ ሜትር እንደሚሆን ተመዝግቧል። ልጁ እክሉን ከእናትም ከአባትም መውረስ ስላለበት፣ ሁለቱም ወላጆች ተሸካሚዎች ሲሆኑ በእያንዳንዱ እርግዝና የመከሰት ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። በዘመዳሞች መካከል የሚፈጸም ጋብቻ ይህን ዕድል ከፍ ያደርጋል፤ ሰባት ቤት የመቁጠር ልማድ ለጤናም ይበጃል ማለት ነው።

ለሕፃናት ሕክምና አለ። መካሰርሚን የተባለው መርፌ የጎደለውን አይ ጂ ኤፍ ዋን የሚተካ ሲሆን፣ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2005 ጸድቋል። በቀን ሁለት ጊዜ ከምግብ ጋር ይሰጣል፤ ልጁ ካልበላ የደም ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊያሽቆለቁል ስለሚችል መርፌው አይወጋም። የረጃጅም አጥንቶች ጫፍ ከተዘጋ በኋላ መድኃኒቱ ለቁመት ተብሎ አይታዘዝም። በእስራኤል በጥቂት አዋቂዎች ላይ ለሌላ ጥቅም ተሞክሮ የመጀመሪያ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1994 ቢታተምም፣ መደበኛ የአዋቂዎች ሕክምና አልሆነም።

በደቡባዊ ኢኳዶር በሚገኙ 99 የዚህ እክል ተጠቂዎች ላይ ለረጅም ጊዜ የተደረገ ክትትል እ.ኤ.አ. በ2011 ሲታተም፣ አንድም የስኳር ሕመምተኛ አልተገኘም፤ በካንሰር የተያዘውም አንድ ሰው ብቻ ነበር። ይህ ማለት ግን አዋቂው ክትትል አያስፈልገውም ማለት አይደለም። የሰውነት ስብና የኮሌስትሮል መጠን ስለሚጨምር ሁለቱም በየጊዜው ይታያሉ።

ቁመቱ ያጠረ ሁሉ ላሮን ሲንድሮም አለበት ማለት አይደለም፤ እንዲያውም እክሉ እጅግ ብርቅ ነው። በልጅነት የደረሰ የምግብ እጥረት ወይም የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ይበልጥ የተለመዱ ምክንያቶች ናቸው። ከባድ የምግብ እጥረትም ልክ እንደ ላሮን ሲንድሮም የዕድገት ሆርሞንን ከፍ፣ አይ ጂ ኤፍ ዋንን ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል አንድ የደም ምርመራ ብቻውን አይበቃም። በመተማ አካባቢ የሚኖር ተገልጋይ በቅድሚያ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ መሄድ፣ ሐኪሙ ካመነበትም የሪፈር ወረቀት ይዞ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል መጓዝ ይችላል። የወላጆችን ዝምድናና የወንድም እህቶችን ቁመት ማስታወስ ለሐኪሙ ይረዳል።

ከድንበር ማዶም ሆነ ከገበያ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛ የሆርሞን መርፌ መወሰድ የለበትም። እነዚህ መድኃኒቶች በአብዛኛው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ ስላለባቸው፣ በቆላው ሙቀት ያለ ማቀዝቀዣ የቆየው ቢገኝ እንኳ ሊበላሽ ይችላል።

እክሉ ያለባት ሴት ማርገዝ ትችላለች፤ ይሁን እንጂ ዳሌዋ ጠባብ ስለሚሆን በቀዶ ሕክምና መውለድ ሊያስፈልጋት ይችላል። ስለሆነም የእርግዝና ክትትሏን ገና ከመጀመሪያዎቹ ወራት ጀምራ፣ ቀዶ ሕክምና በሚሰጥበት ሆስፒታል ለመውለድ አስቀድማ መዘጋጀት ይኖርባታል።