ያውቁ ኖሯል? የዲፈረንሻል ጥርስና የነዳጅ ቁጠባ
ከ1994 እስከ 1996 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተሠራው ቼቭሮሌት ኢምፓላ ኤስ ኤስ፣ 5.7 ሊትር ሞተር የተሸከመና ክብደቱ ከ1,800 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ግዙፍ መኪና ሲሆን፣ የኋላ ዲፈረንሻሉ ጥርስ በ3.08 ለ1 ምጣኔ የተቀመረ ነበር፤ ይኸውም ጎማው አንድ ጊዜ እስኪዞር ወደ ዲፈረንሻሉ የሚገባው ዘንግ ከሦስት ጊዜ በላይ ይዞራል ማለት ነው። የሥጋ ዘመዱ በሆነው በካፕሪስ ላይ ይገጠም የነበረው የ2.56 ለ1 ጥርስ በምትኩ ቢገባለት ግን፣ በአውራ ጎዳና ላይ ፍጥነቱ ሳይጓደል የሞተሩ ዙር ከመቶ 17 እጅ ያህል ይቀንሳል።

ይህ ነዳጅ የሚቆጥብበት ምስጢር እንዲህ ነው። በደልዳላ መንገድ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ከሞተሩ ኃይል ጥቂቱ ብቻ ስለሚበቃ፣ የአየር መግቢያው ክዳን አብዛኛውን ጊዜ ገርበብ ብሎ፣ ፒስተኖቹ በዚያች ጠባብ ክፍተት አየር ለመሳብ በከንቱ ይደክማሉ፤ ዙሩ ሲቀንስ ግን ያንኑ ኃይል ለማስገኘት ክዳኑ ሰፋ ብሎ መከፈት ስላለበት ይህ ድካም ይቃለላል፣ የብረት ከብረት መፋተጉም እንዲሁ።

ዳገት በበዛበት አገር ለሚነዳ ወይም ተጎታች ለሚስብ ሰው ግን ይህን ለውጥ ከቶ አልመክርም፤ ሞተሩ እየተጨነቀ ካምቢዮው ደጋግሞ ወደ ታችኛው ማርሽ ይወርዳልና። ደግሞም የአየር ተቃውሞ በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ፣ ከ120 ወደ 100 ኪሎ ሜትር ዝቅ ማለት ብቻውን፣ ያለ አንዳች ወጪ፣ የነፋሱን ግፊት ከመቶ 30 እጅ ያህል ያቀላል። ጥርሱን ያስለወጠ ሰው የመኪናውን ኮምፒውተር በአዲሱ ምጣኔ ያሳርም፤ አለዚያ የፍጥነት መቁጠሪያው ከእውነተኛው ያነሰ ያሳየዋል።