ድግሱ ደጃችን ላይ፣ ትኬቱ በሰው እጅ፦ የሙዚቃ ፌስቲቫል ጎረቤቶች ስለ መግቢያ ዋጋ ምን ይላሉ?

ትልቅ የሙዚቃ ዝግጅት አንድ ሰፈር አጠገብ ሲደረግ ድምፁ ለሁሉም ይደርሳል፣ መግቢያው ግን ለሁሉም አይደርስም። ክርክሩ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ጎረቤቱ ሌሊቱን ሙሉ ጩኸት ይሰማል፣ መንገዱ ይዘጋበታል፣ ጠዋት ሲነሳ ፕላስቲክና ጠርሙስ በሩ ላይ ያገኛል። ልግባ ሲል ግን ከሩቅ እንደመጣ ሰው ክፈል ይባላል። ታዲያ ይህ ሰው ቅናሽ ይገባዋል ወይስ አይገባውም?

ነገሩ ቀላል ይመስላል እንጂ ካምፕ ውስጥ ላላችሁ አንባቢዎቻችን በቀጥታ የሚመለከት ጉዳይ ነው። ካምፕ አጠገብ ወይም ካምፕ ውስጥ ዝግጅት ሲመጣ ጎረቤቱ እናንተ ናችሁ። ብዙዎቻችሁ ባለፋችሁባት በካርቱም ነገሩ እንዴት እንደነበር፣ በሌሎች አገሮች ደግሞ እንዴት እንደሚሠራ እናያለን። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ትኬቱ ምን ይከፍላል?

የመግቢያ ዋጋ በዘፈቀደ አይወጣም። አዘጋጁ ለድምፃዊውና ለባንዱ፣ ለመድረክና ለድምፅ መሣሪያ፣ ለጄኔሬተር ነዳጅ፣ ለጥበቃ፣ ለቦታ ኪራይ፣ ለፈቃድና ለግብር ያወጣል። ይህን ወጪ የሚሸፍነው ከሦስት ቦታ ነው፦ ከትኬት፣ ከስፖንሰር፣ ወይም ከመንግሥትና ከእርዳታ ድርጅት። ስፖንሰር ከበዛ ትኬቱ ይረክሳል፣ አንዳንዴም ነፃ ይሆናል። ስፖንሰር ከሌለ ሁሉም ነገር ገቢው ላይ ይወድቃል።

በዚህ ሂሳብ ውስጥ የማይገባ አንድ ወጪ አለ፣ እሱም የጎረቤቱ ነው። እንቅልፍ ያጣው ሰው፣ ሱቁን የዘጋው ነጋዴ፣ ታማሚ ይዞ መንገድ የተዘጋበት ቤተሰብ ደረሰኝ አያቀርቡም። ስለዚህ ለአካባቢው ሰው የሚሰጥ ነፃ ወይም ቅናሽ ትኬት እንደ ምጽዋት መታየት የለበትም፤ ጎረቤቱ ላይ ለደረሰው ችግር የሚመለስ ዋጋ ነው።

ካርቱም ላይ እንዴት ነበር?

ካርቱም የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ሕዝቡ የሚሰማው ሙዚቃ ብዙው ትኬት የለውም። ሠርግ ሲሆን መንገድ ላይ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይደረደራል፣ ዘፋኝ ይጠራል። «ሐፍላ» ይሉታል። ወጪው የደጋሹ ቤተሰብ ነው። የሰፈሩ ሰው ሳይጠራም ብቅ ይላል፣ ልጆች ከፊት ይቀመጣሉ። ጎረቤት ጩኸቱን ይችላል፣ በምትኩ ደስታውን ይካፈላል። ውሉ ያልተጻፈ ነው እንጂ ሁሉም ያውቀዋል።

ትኬት የሚያስቆርጠው ኮንሰርት ሌላ ነው። በኦምዱርማን ብሔራዊ ቴአትር፣ በካርቱም ናይል ዳር ባለው የወዳጅነት አዳራሽ፣ በየክበቡ የሚደረገው በር አለው፣ ጥበቃ አለው፣ ዋጋ አለው።

ከዋጋው ሌላ ሕጉም ነበር። በ1996 የወጣው የካርቱም ግዛት የሕዝብ ሥርዓት ሕግ የሙዚቃ ዝግጅት ያለ ፈቃድ እንዳይደረግ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላም እንዳይቀጥል ያዝ ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1994፣ ድምፃዊ ኾጃሊ ዑስማን እዚያው ኦምዱርማን ውስጥ የሙዚቀኞች ክበብ ገብቶ በመጣ ሰው በስለት ተገድሏል። በእነዚያ ዓመታት ጥያቄው «ትኬቱ ስንት ነው?» ብቻ ሳይሆን «ዝግጅቱ ይደረጋል ወይ?» ጭምር ነበር። የሕዝብ ሥርዓቱ ሕግ የተሻረው በኖቬምበር 2019 ነው። በዚያው ዓመት፣ በኤፕሪልና በሜይ፣ ሕዝቡ በሠራዊቱ ዋና መምሪያ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲቃወም ሙዚቀኞች ያለ ትኬት፣ ያለ አጥር ተጫውተዋል። ጁን 3 ቀን ያ ሰልፍ በደም ተበተነ።

ለሐበሻው ደግሞ ሌላ ወጪ ነበረበት። የሱዳን ደንብ ስደተኛ ያለ ፈቃድ ከካምፕ እንዳይወጣ ስለሚል፣ ዴም ሰፈርም ሆነ ሌላ ቦታ የሚኖረው ብዙ ሰው ወረቀቱ ሙሉ አልነበረም። በበዓል ሰሞን የአገር ቤት ዘፋኝ መጣ ሲባል ሰው ገንዘቡን አጠራቅሞ ትኬት ይገዛል። ግን ማታ ሲመለስ «ከሻ» ቢገጥመው የሚከፍለው ከትኬቱ ሊበልጥ ይችላል። ይህን ያየ ሰው የመግቢያ ዋጋ በሩ ላይ እንደማያልቅ ያውቃል።

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 የተጀመረው ጦርነት ይህን ሁሉ ገለበጠው። የሰፈሩ ሰው ተበተነ፣ ስደተኛው ድጋሚ ተሰደደ። ድምፃዊት ሻደን ገርዱድ በሜይ 2023 ኦምዱርማን ውስጥ በተኩስ መሀል ሕይወቷ አልፏል። እናም ጥያቄው ከሰዎቹ ጋር ወደ ሌላ አገር፣ ወደ ሌላ ካምፕ ሄደ።

ጎረቤቶች በአብዛኛው የሚሉት

በየትኛውም አገር ቢሆን የነዋሪው አስተያየት በሦስት ይከፈላል።

አንደኛው ወገን «የእኛ ቦታ ነው፣ በነፃ እንግባ» ይላል። ችግሩን የምንሸከመው እኛ ነን፣ ሌላው ተዝናንቶ ይሄዳል የሚል ነው ምክንያቱ።

ሁለተኛው ወገን «ነፃ ትኬት አንፈልግም፣ ሥራ ስጡን» ይላል። ሻይ የምትሸጥ ሴት፣ ባጃጅ የሚነዳ ወጣት፣ ምግብ የሚያቀርብ ቤት ከመግባት ይልቅ መሸጫ ቦታ ይመርጣሉ። ብዙ ጊዜ ግን የመሸጫ ቦታው ከከተማ ለመጣ ትልቅ ነጋዴ ይሰጣል፣ የአካባቢው ሰው ከአጥር ውጭ ይቀራል።

ሦስተኛው ወገን «እንዲያውም አይምጣብን» ይላል። ሃይማኖት፣ የልጆች ደህንነት፣ ስካርና ጠብ ይጠቀሳሉ። ይህን ወገን በቅናሽ ትኬት ማሳመን አይቻልም። እሱ የሚፈልገው የማብቂያ ሰዓት፣ የድምፅ ልክና በቂ ጥበቃ ነው።

አዘጋጆች ብዙ ጊዜ የሚሰሙት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ጥቂት ነፃ ትኬት ለሰፈር ሽማግሌዎችና ለባለሥልጣን ያድሉና «ነዋሪው ተስማምቷል» ይላሉ። ትኬቱ የደረሰው ግን ለማን ነው? ቂም የሚይዘው እዚህ ላይ ነው።

አራት አሠራሮች

*ነዋሪው በነፃ ይግባ።* እንግሊዝ አገር ፒልተን የምትባል የገጠር መንደር አለች፤ ታዋቂው የግላስተንበሪ ፌስቲቫል የሚደረገው እዚያ ነው። በ1970 ሲጀመር መግቢያው 1 ፓውንድ ነበር፣ ከእርሻው ወተት በነፃ ይታደል ነበር። በ2025 ትኬቱ ከ370 ፓውንድ አልፏል፣ የሚገባውም ሰው ከ200,000 በላይ ነው። የፒልተን ነዋሪዎች ግን ነፃ ትኬት ያገኛሉ፤ በዙሪያው ላሉ አካባቢዎች ደግሞ ለመጨረሻው ቀን፣ ለእሁድ፣ ረከስ ያለ ትኬት ይሸጣል። ጥሩ አሠራር ነው፤ ችግሩ ድንበሩ ነው። ከመስመሩ ማዶ ያለው ቤት ጩኸቱን እኩል ይሰማል፣ ነፃ ትኬቱ ግን አይደርሰውም።

*ሁለት ዓይነት ዋጋ።* ከ2004 ጀምሮ ዛንዚባር ላይ የሚደረገው ሳውቲ ዛ ቡሳራ ለአገሬው ሰው ዝቅተኛ፣ ለውጭ አገር ጎብኚ ከፍተኛ ዋጋ ያስከፍላል። የመክፈቻው የመንገድ ላይ ሰልፍ ደግሞ ለማንም ነፃ ነው። እዚህ ላይ ለእኛ የሚነሳው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ስደተኛ በየትኛው ዋጋ ይገባል? ዜጋ አይደለም፣ ጎብኚም አይደለም። መታወቂያ ሲጠየቅ በትልቁ ዋጋ የሚመደብ ከሆነ፣ ከሁሉም ድሃው ሰው እንደ ቱሪስት ይከፍላል ማለት ነው።

*ብዙው ነፃ፣ ጥቂቱ በክፍያ።* ሞሮኮ ውስጥ ራባት ላይ በ2001 የተጀመረው ማዋዚን አብዛኛው ዝግጅቱ ነፃ ነው፤ ከመድረኩ ፊት ያለው ቦታ ይሸጣል። ነፃ ሆኖም ተቃውሞ አልቀረለትም። በ2011 የአገሪቱ ወጣቶች ሰልፍ ሲወጡ ለትልልቅ ዘፋኞች የሚከፈለው ገንዘብ ለሥራና ለኑሮ ይዋል ብለው ፌስቲቫሉ እንዲቀር ጠይቀዋል። ነፃ የተባለ ነገር ከአንድ ኪስ ይወጣል፤ ሕዝቡ የጠየቀው ከማን ኪስ እንደሆነ ነው።

*ስደተኛው ራሱ ደጋሽ ሲሆን።* ማላዊ ውስጥ የዛሌካ ካምፕ አለ። ድሮ የፖለቲካ እስር ቤት ነበር፣ በ1994 የስደተኞች ካምፕ ሆነ። ለ10,000 ሰው ገደማ ታስቦ የተሠራው ካምፕ ዛሬ ከ50,000 በላይ ሰው ይዟል፤ ከኮንጎ፣ ከቡሩንዲና ከሩዋንዳ ሰዎች ጋር ኢትዮጵያውያንና ሶማሌዎችም አሉበት። በ2014 ሜኔስ ላ ፕሉም በሚል ስሙ የሚታወቀው ኮንጎአዊ ስደተኛ ገጣሚ ቱማይኒ የተባለ ፌስቲቫል እዚያ ጀመረ። መግቢያው ለስደተኛውም፣ ለማላዊ ሰውም፣ ለፈረንጁም ነፃ ነው። ገቢው የሚመጣው ሰው ገብቶ ከሚያወጣው ነው፤ እንግዳው ከስደተኛ ምግብ ይገዛል፣ ልብስ ያሰፋል፣ ከፈለገም በስደተኛ ቤተሰብ ቤት ያድራል። እዚህ ጎረቤቱና ደጋሹ አንድ ሰው ነው።

ይሁንና ዛሌካ ሁሉንም አልፈታውም። በ2023 የማላዊ መንግሥት ከካምፕ ውጭ ይኖሩ የነበሩ ስደተኞችን አስገድዶ ወደ ካምፑ መልሷል። ከተሜው ለሙዚቃ ወደ ካምፑ መግባት ይችላል፣ ስደተኛው ግን ለሥራ ወደ ከተማ መውጣት ይከለከላል። ይህን ደግሞ የትኬት ዋጋ አያስተካክለውም።

ነፃ ቢሆንም ትኬት ለምን ያስፈልጋል?

«ነፃ ከሆነ በሩን ክፈቱት» የሚል ሰው አይጠፋም። በሜይ 2009 በማዋዚን የመዝጊያ ምሽት፣ ራባት ውስጥ ባለ ስታዲየም ነፃ ኮንሰርት ሲያበቃ ሕዝቡ ለመውጣት ተጋፍቶ 11 ሰዎች ሞተዋል። ግላስተንበሪም በ2000 ሕዝብ አጥር ዘሎ ገብቶበት በቀጣዩ ዓመት ሳይካሄድ ቀርቷል፤ በ2002 ጠንካራ አጥር ሠርቶ ነው የተመለሰው።

ትኬት ማለት ገንዘብ ብቻ አይደለም፣ ቆጠራም ነው። ቦታው ስንት ሰው ይይዛል? ስንት መውጫ አለ? ሕፃን የያዘች እናት በየት ትወጣለች? ነፃ ዝግጅትም ቢሆን ቁጥር ያለው ወረቀት ወይም የእጅ ማሰሪያ ቢታደልበት ለሁሉም ደህና ነው።

ካምፓችሁ አጠገብ ዝግጅት ቢመጣ

የካምፕ ኮሚቴ ወይም የማኅበረሰብ ተወካይ ካላችሁ፣ ማስታወቂያው ከመለጠፉ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

1. ከማስታወቂያው በፊት ነዋሪውን ያነጋገረ ሰው አለ? ሴቶችስ ተጠይቀዋል?
2. ስደተኛ የሚገባው በየትኛው ዋጋ ነው? የስደተኛ መታወቂያ በር ላይ ይሠራል?
3. ከካምፕ ለመውጣት ፈቃድ ካስፈለገ፣ ትኬቱ ከመገዛቱ በፊት ፈቃዱ ይሰጣል? የመመለሻ ሰዓትና ትራንስፖርትስ?
4. የመሸጫ ቦታ ለካምፑና ለአካባቢው ሰው ስንት ተይዟል? ኪራዩስ?
5. ነፃ ትኬት ካለ በምን ይታደላል? ዝርዝሩ በግልጽ ይለጠፋል ወይስ በዘመድ ነው?
6. ስንት ሰዓት ያበቃል? ቆሻሻውን ማን ያነሳል?

መልሱን በቃል አትቀበሉ፣ በጽሑፍ ይሁን።

ስለ ማጭበርበርም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በስልክ የሚመጣ ትኬት ላይ ያለው ባለነጥብ አራት ማዕዘን ምልክት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያስገባው። አንድ ሰው ፎቶውን ለአሥር ሰው ቢሸጥ፣ በሩ ላይ ቀድሞ የደረሰው ይገባል፣ ዘጠኙ ይመለሳል። ስለዚህ ፎቶ ከማታውቁት ሰው አትግዙ። «ነፃ ትኬት አለ፣ የራሽን ካርድ ቁጥርህን ወይም በስልክህ የገባውን የሚስጥር ኮድ ላክ» የሚል መልእክት ከመጣ አትላኩ፤ ለትኬት ይህ በፍጹም አያስፈልግም።

በመጨረሻ አንድ ነገር መነሳት አለበት። ዝግጅቱ ካምፕ ውስጥ ሲሆን የተቀባዩ አገር ሕዝብ ደግሞ የእናንተ ጎረቤት ነው። ሱዳናዊው ድምፃዊ መሐመድ ዋርዲ በስደት በነበረበት ጊዜ፣ በ1990፣ ጋምቤላ ውስጥ ኢታንግ ካምፕ ድረስ መጥቶ ለደቡብ ሱዳን ስደተኞች ዘፍኗል፤ በ1994 ደግሞ በአዲስ አበባ ስታዲየም ለአገሬው ሕዝብ ተጫውቷል። የሚያነጋግረን ቅኝት አንድ ነው። እርዳታ ድርጅት ለካምፑ ብቻ ዝግጅት አዘጋጅቶ ከአጥሩ ማዶ ያለውን ገበሬ ወይም አርብቶ አደር ሲረሳው፣ እኛ ሌላ ቦታ የምናነሳውን ቅሬታ እሱም ያነሳል። ውኃና ማገዶ የምንጋራው ከእሱ ጋር ነው። ስለዚህ ኮሚቴው ዝርዝሩን ሲያወጣ ለእነሱም ቦታ ይያዝ።