ገዢውን አይቶ የሚገነባ ፋብሪካ

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በደሴና በሐይቅ አድርጎ አምባሰልን የሚያቋርጠው አውራ ጎዳና፣ በወልድያና በአላማጣ በኩል ማይጨው ይደርሳል። በደቡቡ ጫፍ የቢራ ኩባንያው ቢጂአይ በ1990 ዓ.ም. ገደማ የተከለው የኮምቦልቻ ቢራ ፋብሪካ ሲገኝ፣ በሰሜኑ ጫፍ በ2007 ዓ.ም. ማምረት የጀመረው የራያ ቢራ ፋብሪካ ይገኛል፤ ቀድሞ ባለድርሻ የነበረው ቢጂአይ ራያን ሙሉ በሙሉ የጠቀለለው ብዙም ሳይቆይ ነው። በዚሁ መንገድ ላይ ባለችው ውጫሌ መጠጥ የሚያከፋፍል አንድ ነጋዴ፣ ፊት አንዱ ሲያስቀርበት ወደ ሌላው ይዞር እንደ ነበር፣ ዛሬ ግን ቢዞርም የሚያገኘው ያንኑ ባለቤት እንደ ሆነ ይናገራል።

እንዲህ ያለው ውህደት፣ ማለትም ድርጅቶች በመቀላቀል ወይም በአክሲዮን ግዥ በአንድ አመራር ሥር መዋላቸው፣ የንግድ ውድድርን በሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 329/1995 አልተዳሰሰም ነበር፤ ተከታዮቹ 685/2002 እና 813/2006 ግን ውድድርን ጉልህ በሆነ መጠን የሚጎዳውን ከልክለው፣ ጥቅሙ ካመዘነ እንዲፈቀድ በር ትተዋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1966 የፓብስትንና የብላትዝን የቢራ ጠመቃ ውህደት የተቃወመው፣ የሁለቱ አገራዊ ድርሻ ተደምሮ 4.49 በመቶ ብቻ ሆኖ ሳለ ነበር፤ ያን ያህል የጠበቀ ሕግ ዛሬ እዚያም የለም። ኢኮኖሚስቱ ኤሪክ ራስሙሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው ጥናት፣ ነባሩ ድርጅት አዲሱን መግዛት ከቻለ፣ በራሱ የማያዋጣ ፋብሪካ እንኳ ለመሸጥ ሲባል ብቻ ሊገነባ እንደሚችል አሳይቷል።

ስለዚህ የላላ ሕግ አዲስ ተፎካካሪን ይጋብዛል የሚለው ክርክር መሠረት አለው። የቢራ ኩባንያው ሄኒከን በ2003 ዓ.ም. የበደሌንና የሐረርን ቢራ ፋብሪካዎች በ163 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከገዛ በኋላ ቂሊንጦ ላይ አዲስ ፋብሪካ መገንባቱም ግዥ ግንባታን ሁልጊዜ እንደማያስቀር ያሳያል። ይሁን እንጂ ለሽያጭ የገባ ተፎካካሪ በተሸጠ ማግስት ተፎካካሪነቱ ያበቃል፤ ሸማቹና አከፋፋዩም ያገኙት አማራጭ የዚያን ያህል ዕድሜ ብቻ ይኖረዋል።

የመጠጥ ኩባንያው ዲያጆ በ2004 ዓ.ም. በ225 ሚሊዮን ዶላር የገዛውን የሜታ ቢራ ፋብሪካ በ2014 ዓ.ም. ሲለቅ፣ ገዢው አዲስ ኩባንያ ሳይሆን ቢጂአይ ነበር። ውህደትን ይመረምር የነበረው ባለሥልጣንም በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ፈርሶ ሥልጣኑ ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተሻገረ። የውህደት ጥያቄ ሲመዘን ነገ ሊገነባ የሚያስበው ባለሀብት ከቁጥር ይገባ እንደ ሆነ የተጠየቁ አንድ ኃላፊ መልስ ሳይሰጡ ቀርተዋል።