የብሌሪዮ ሽቦዎች

የታሪካዊ አውሮፕላኖችን አምሳያ በትንሹ መሥራት ከሩቅ ሲታይ የልጆች ጨዋታ ይመስላል። እኛም ሦስት የማኅበሩ አባላት ሥራውን የጀመርነው ከፈተና በኋላ ጭንቅላታችንን ለማሳረፍ ነበር። ይሁን እንጂ በሁለት ሳምንት ይጠናቀቃል ያልነው ሥራ አራት ወር ፈጀ፤ ከዚህም ውስጥ ሁለቱ ወር ያለፈው አንድ ጊዜ የሠራነውን እንደገና በማረም ነው። ስሕተታችንን ሳንደብቅ ብናቀርበው በዚህ ሥራ ለመሰማራት ለሚሹ ይጠቅም ይሆናል ብለን አምነናል።

የመረጥነው አውሮፕላን ፈረንሳዊው ሉዊ ብሌሪዮ እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ቀን 1909 በፈረንሳይና በእንግሊዝ መካከል ያለውን ባሕር የተሻገረበትን ነው። ስሙ «ብሌሪዮ 11» ይባላል። ከስድስት ቀን በፊት ሂዩበርት ላታም የተባለ ተወዳዳሪ ይህንኑ ጉዞ ሞክሮ ሞተሩ ስለ ጠፋበት ባሕር ላይ አርፎ ነበር። ብሌሪዮ በበኩሉ እግሩ በቃጠሎ ተጎድቶ በምርኩዝ ይሄድ ነበር፤ ኮምፓስም አልያዘም። ሆኖም በ37 ደቂቃ ያህል ከካሌ አጠገብ ዶቨር ደረሰና «ዴይሊ ሜይል» የተባለው ጋዜጣ ያዘጋጀውን የ1,000 ፓውንድ ሽልማት ወሰደ። ሲያርፍ ፕሮፔለሩና የጎማዎቹ እግር ተሰብረዋል። አውሮፕላኑ ዛሬ ፓሪስ በሚገኘው የጥበባትና የእጅ ሥራዎች ሙዚየም ይታያል።

ወደ አሠራሩ እንግባ። አምሳያ ሠሪ በመጀመሪያ የሚወስነው ስኬሉን፣ ማለትም ስንት ጊዜ እንደሚያሳንስ ነው። እኛ 1 ለ24 መረጥን። የአውሮፕላኑ ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 7.8 ሜትር ስለሆነ ለ24 ሲካፈል 32.5 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ ለመኝታ ቤት ጠረጴዛ የሚመች ልክ ነው። ነገር ግን ርዝመት 24 ጊዜ ሲያንስ ስፋት የሚያንሰው 24 ጊዜ በ24፣ ማለትም 576 ጊዜ ነው። ክብደትማ 13,824 ጊዜ ማነስ አለበት። የብሌሪዮ ባዶ ክብደት 230 ኪሎ ያህል ስለነበር አምሳያችን በእውነተኛው ልክ ቢሠራ 17 ግራም እንኳ አይሞላም ማለት ነው። በቤተ ሙከራ ሚዛን ብናስቀምጠው 41 ግራም ሆነ። ኮላው ነው ያከበደው። (የዝሆን እግር ለምን ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ከአጋዘን እግር እንደሚወፍር በአናቶሚ ትምህርት ያልገባን ሁሉ በዚህ ሒሳብ ገባን።)

የአውሮፕላኑ አካል አሽ ከሚባል እንጨት የተሠራ ረጅም ሣጥን ነው። የፊተኛው ክፍል ጨርቅ ለብሷል፤ የኋለኛው ግን አጥንቱ እንደ ተገለጠ ቀርቷል። አምሳያ ሠሪዎች ይህን አውሮፕላን የሚወዱት ለዚህ ይመስለናል፤ የሚደበቅ ነገር የለውም፤ የሠሪውም ስሕተት አይደበቅም። አራቱን ዘንጎች ባልሳ ከተባለው ቀላል እንጨት ቆረጥን፤ ለማገሮቹ ስቴኪኒ በብርጭቆ ወረቀት እያሳሳን ተጠቀምን። ምላጭና ወረንጦ ለእኛ እንግዳ ዕቃዎች አይደሉም።

ክንፉ ግን አስቸገረን። የጎድን አጥንቶቹን በሁለት ወጋግራዎች ላይ ደርድረን ስስ ወረቀት አለበስን፤ ወረቀቱ እንዲወጠር ውሃ ነፋንበት። በደንብ ተወጠረ። በማግሥቱ ጠዋት ስናየው ክንፉም አብሮ ተጣሟል። መፍትሔው ክንፉ እስኪደርቅ ድረስ ጣውላ ላይ በስፒል ወጥሮ ማቆየት ነው። ይህን ሳናውቅ ሁለት ክንፍ ጥለናል።

ሥራው አለቀ ባልን ጊዜ ከኢስታንቡል የመጣ የክፍላችን ልጅ ሊያየው መጣ። ዞር ዞር አድርጎ አየና «ክንፉን ምን ያዘው?» ሲል ጠየቀ። «ኮላ» አልነው። ሣቀ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በፎቶግራፉ ላይ ከአብራሪው ፊት ካለው ምሰሶና ከሥሩ ካለው እግር ተነሥተው ወደ ክንፉ የሚሄዱ ቀጫጭን ሽቦዎች ይታያሉ። እኛ እነርሱን እንደ ጌጥ ቆጥረን፣ ለመሥራትም ስለሚያደክሙ፣ ትተናቸው ነበር። እውነቱ ግን የክንፉ እንጨት ብቻውን አውሮፕላኑን ሊሸከም አይችልም። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሲቆም ክንፉ ወደ ታች እንዳይረግብ የላይኞቹ ሽቦዎች ይይዙታል። አየር ላይ ሲወጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ክንፉ አካሉን ይሸከማል እንጂ አካሉ ክንፉን አይሸከምም። ስለዚህ ክንፉ ወደ ላይ እንዳይታጠፍ የሚጎትቱት የታችኞቹ ናቸው። ከዚህም በላይ በኋለኛው ወጋግራ ላይ የታሰሩት ሽቦዎች መሪ ናቸው፤ አብራሪው በእነርሱ አማካይነት የክንፉን ጫፍ እየጠመዘዘ አውሮፕላኑን ወደ ጎን ያዘነብላል። እንግዲህ ሽቦውን መተው ማለት ጡንቻና ጅማት የሌለው ክንድ ሥሎ የሰው ክንድ ነው እንደ ማለት ነው።

የላይኞቹ ሽቦዎች ጉዳይ ደግሞ የሰው ሕይወት ያጠፋ ነበር። አውሮፕላን ከከፍታ በድንገት ሲያጎነብስ አየሩ ክንፉን ከላይ ወደ ታች ሊገፋው ይችላል፤ ያን ጊዜ ሸክሙ መሬት ላይ ለመቆም ብቻ በታሰቡት ሽቦዎች ላይ ይወድቃል። ብሌሪዮ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1912 የላይኞቹ ሽቦዎች መጠናከር እንዳለባቸው ለፈረንሳይ ጦር አስታወቀ፤ ጦሩም ባለ አንድ ክንፍ አውሮፕላኖቹ እስኪታረሙ ድረስ እንዳይበሩ አገደ። የገዛ ፋብሪካውን ዕቃ ጉድለት በገዛ እጁ ጽፎ ማቅረቡ ባሕሩን ከመሻገሩ ይልቅ እኛን አስደንቆናል።

ጓደኛችን የጠየቀውም ያለ ምክንያት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1914 ፈትሒ ቤይና ሳዲቅ ቤይ የተባሉ ሁለት የኦቶማን የጦር መኮንኖች በብሌሪዮ አውሮፕላን ከኢስታንቡል ወደ ካይሮ ተነሥተው ነበር። አናቶሊያን አቋርጠው፣ ደማስቆ ደርሰው፣ ከዚያ ወደ ኢየሩሳሌም ሲያመሩ በዚያው ወር በ27 ቀን ከጥብርያዶስ ባሕር በስተ ምሥራቅ ወድቀው ሞቱ። ለአደጋው ምክንያት ሆኖ የሚነገረው የክንፍ ሽቦ መበጠስ ነው። በሌላ አውሮፕላን የተከተላቸው ኑሪ ቤይም በማርች ወር ያፋ ላይ ባሕር ገብቶ ሞተ። ሦስቱም የተቀበሩት ደማስቆ ውስጥ፣ በሳላሐዲን መቃብር አጠገብ ነው። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን ጉዞውን ፈጽሞ ካይሮ ደረሰ። ጓደኛችን ይህን በልጅነቱ ትምህርት ቤት ተምሮታል፤ እኛ ግን በዚህ ምድር ስንት ዓመት ተቀምጠን አንድም ቀን አልሰማንም ነበር።

ከመካከላችን አንዱ «እንግዲያው አምሳያውን የፈትሒ ቤይ አውሮፕላን እናድርገው» የሚል ሐሳብ አቀረበ። ከብዙ ክርክር በኋላ ተውነው። የእነርሱ አውሮፕላን ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ክንፉ የሰፋ፣ ሞተሩም ሲሊንደሮቹ ከፕሮፔለሩ ጋር አብረው የሚሽከረከሩለት «ኖም» የተባለው ነበር። የእኛው ግን አንድ መቀመጫና ባለ ሦስት ሲሊንደር፣ 25 የፈረስ ጉልበት ያለው የ«አንዛኒ» ሞተር ነው ያለው። ስም ለውጦ መለጠፍ አምሳያ መሥራት አይደለም። ለእነርሱ ሌላ ይሠራላቸዋል።

ስለዚህ ወደ ሽቦው ተመለስን። ሽቦው 2 ሚሊሜትር ይወፍር ነበር ብንል በእኛ ስኬል 0.08 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ይህም የሰው ጠጉር ውፍረት ነው። ጠጉር ሞከርን፤ እየተጠቀለለ አስቸገረን። ተራ የስፌት ክር እጅግ ወፍራም ከመሆኑም በላይ ጭገር አለው። በመጨረሻ ከእኛው ሙያ ዘንድ መድኃኒቱ ተገኘ፤ የፊት ቁስል የሚሰፋበት ቁጥር 6-0 የናይለን ክር ውፍረቱ ከ0.07 እስከ 0.1 ሚሊሜትር ስለሆነ ልክ ገጠመ። ጊዜው ያለፈበትና ሊጣል የነበረ ክር ለምነን አገኘን። አንዱን ጫፍ በኮላ አጣብቆ ማድረቅ፣ ከዚያ ሌላውን በወጋግራው ቀዳዳ አሳልፎ ትንሽ ክብደት እያንጠለጠሉ ማጣበቅ ነው። ግራና ቀኙን እያፈራረቁ ካልሠሩ ክንፉ ወደ አንድ ወገን ይሳባል፤ ይህንንም ያወቅነው ከተሳበ በኋላ ነው። የመጨረሻው ክር በተወጠረ ጊዜ ኮላው ደካማ የነበረበት የግራ ክንፍ ሲነካ መንቀጥቀጡን አቆመ።

የሚቀጥለው ሐሳባችን «ፀሐይ» ናት። እ.ኤ.አ. በ1935 በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር መሪነት አዲስ አበባ ተሠርታ፣ በወረራው ጊዜ ወደ ጣልያን ተወስዳ፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ወደ አገሯ የተመለሰችው አውሮፕላን ማለታችን ነው። የሚያስፈልገን ልኳ ነው። በዕረፍት ወደ አገር ቤት የምትሄዱ አባላት ዕድል ካጋጠማችሁ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ ፎቶግራፍ አንሡልን፤ ቁመቱ የታወቀ ሰው አጠገቧ ይቁም፤ ያለዚያ ከፎቶግራፍ ልክ ማውጣት አይቻልም። የሽቦዎቹ መታሰሪያ የት የት እንደሆነም በቅርብ ይነሣልን።

ብሌሪዮው በማኅበሩ ክፍል መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ለማየት የምትመጡ በጎማዎቹ በኩል አንሡት፤ በክንፉ አትያዙት። የቀኙ የታችኛው የኋላ ክር ገና አልደረቀም።