የታመመ ሐርድ ዲስክና የካርቱም ቤተሰቦች

የሠርጉ፣ የክርስትናውና የምረቃው ፎቶግራፍ በአልበም ተለጥፎ በሣጥን ይቀመጥ የነበረበት ዘመን አልፎ፣ ዛሬ የአንድ ቤተሰብ ሥዕልና ጽሕፈት ሁሉ ከመዳፍ እምብዛም በማይበልጥ አንድ ጥቁር ዕቃ ውስጥ ተጠቃሎ ይገኛል። ይህም ዕቃ ሐርድ ዲስክ ይባላል። አልበም ቢቀደድ አንድ ገጽ ይጎድላል፤ ሐርድ ዲስክ ሲበላሽ ግን የሃያ ዓመት ኑሮ በአንድ ቀን ሊሰወር ይችላል። ስለዚህ ጉዳይ እንድንጽፍ ያነሣሣን በካርቱም ከተማ የደረሰው ነገር ነው።

የሱዳን ጦርነት በካርቱም የተጀመረው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዕለቱ ለእኛ ቅዳሜ ሹር ነበር። በደይምና በሌሎችም ሰፈሮች የሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ለፋሲካ በሚሰናዱበት ሰዓት የመድፍ ድምፅ ተሰማ። ከዚያም በኋላ ብዙ ሺህ ሰዎች፣ ሱዳናውያንም ኢትዮጵያውያንም፣ በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገሩ። እንዲህ ባለ ቀን ሰው የሚይዘው መሸከም የሚችለውን ብቻ ነው። የሱዳን ጦር መጋቢት 2017 ዓ.ም. ከተማዪቱን መልሶ ከያዘ ወዲህ ደግሞ፣ ወደ ቤታቸው የተመለሱት ብዙዎች የተዘረፈና አቧራ የለበሰ ቤት ጠበቃቸው። በስደት ሻንጣ ውስጥ ሲንገላታ የቆየውም ዲስክ፣ በፈረሰ ቤት ጥግ ወድቆ የተገኘውም ዲስክ፣ በባለቤቱ ፊት የሚያቀርቡት ጥያቄ አንድ ነው፤ በውስጡ ያለው ነገር ይወጣልን?

መልሱን ለመረዳት የዕቃውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የኮምፒዩተር ሐርድ ዲስክ አይ.ቢ.ኤም. በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1949 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የቀረበ ሲሆን፣ 50 ትልልቅ ሳሕኖች ነበሩት፤ ክብደቱም ከአንድ ቶን ይበልጥ ነበር። ይህ ሁሉ ብረት የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ያህል ብቻ ነበር፤ ዛሬ በኪሳችን ያለው ስልክ የሚያነሣው አንድ ፎቶግራፍ ያንኑ ያህል ቦታ ይፈልጋል። የዛሬውም ዲስክ ቢሆን በመሠረቱ የዚያው ልጅ ነው። በማግኔታዊ ቅብ የተሸፈኑ ሳሕኖች በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ ይሽከረከራሉ፤ በላያቸውም የማንበቢያው ራስ ሳይነካቸው ይንሳፈፋል። በራሱና በሳሕኑ መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ የፀጉር ዘለላ ውፍረት በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ያነሰ ነው። እንግዲህ በዚህ ክፍተት ውስጥ አንዲት የሐቡብ አቧራ ብትገባ፣ በአስፋልት ላይ በፍጥነት በሚበር መኪና ፊት ቋጥኝ እንደ መጣል ይቆጠራል።

የካርቱም ሰው ለዲስኩ መበላሸት ሁሉ ሙቀቱን ሲወቅስ ይሰማል። ነገሩ ግን የዚህን ያህል ቀላል አይደለም። የጉግል ኩባንያ ባለሙያዎች ከመቶ ሺህ በላይ ዲስኮችን መርምረው በ1999 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ ሙቀት ይታሰብ ከነበረው ያነሰ ጉዳት እንደሚያደርስ አስረድተዋል። ከዚህ ይልቅ የሚያስደነግጠው ሌላው ግኝታቸው ነው። አንድ ዲስክ በፍተሻ ጊዜ አንድ ጊዜ የማንበብ ስሕተት ካሳየ፣ በሚቀጥሉት 60 ቀኖች ውስጥ የመሞቱ ዕድል ስሕተት ካላሳየው 39 እጥፍ ይበልጣል። ከሞቱትም ውስጥ ከግማሽ የሚበልጡት ዋና ዋና ከሚባሉት የማስጠንቀቂያ ምልክቶች አንዱን እንኳ ሳያሳዩ ነው የሞቱት። ስለዚህ ምልክት የሰጠ ዲስክ ለባለቤቱ ውለታ እንደ ዋለ ሊቆጠር ይገባዋል።

ምልክቶቹም የታወቁ ናቸው፤ አንድ ፋይል ለመክፈት ብዙ ደቂቃ መፍጀት፣ ኮምፒዩተሩ በየጊዜው ደርቆ መቅረት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀጭ ቀጭ የሚል ተደጋጋሚ ድምፅ። ይህ ድምፅ የማንበቢያው ራስ ቦታውን ፈልጎ ሲያጣና ደጋግሞ ሲመለስ የሚሰማ ነው። ሰው በዚህ ጊዜ የሚያደርገው ምንድን ነው? ደጋግሞ ያጠፋል፣ ደጋግሞ ያበራል፤ ጎረቤት ያለ ወጣት ተጠርቶ ይመጣና «ፎርማት እናድርገው» ይላል፤ ሌላው በማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡት ብሎ ይመክራል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ከበሽታው ይልቅ ብዙ ዲስክ የሚገድለው ይህ ችኮላ ነው። ራሱ የተጎዳ ዲስክ በተሽከረከረ ቁጥር ሳሕኑን ሊፍቀው ይችላል፤ የተፋቀውም ቅብ ፎቶግራፉ ራሱ ነውና በማናቸውም ጥበብ አይመለስም። ማቀዝቀዣውም ቢሆን ጤዛ ከማምጣት በቀር የሚፈይደው የለም።

እንግዲያውስ ቀጭ ቀጭ የሚለውን ዲስክ ወዲያው ማጥፋትና ዳግመኛ አለማብራት ነው። ይህ አቧራ በሌለበት ክፍል የሚሠራ ባለሙያ ጉዳይ ነው፤ ዋጋውም ውድ ስለሆነ ቤተሰቡ መክሮ መወሰን አለበት። ገንዘቡ ዛሬ ካልተገኘ ዲስኩን ጠቅልሎ፣ ከእርጥበት ጠብቆ ማቆየት ይቻላል፤ ሳይበራ የተቀመጠ ዲስክ ብዙ ጊዜ ይታገሣል። ድምፅ የሌለውና የዘገየው ብቻ ከሆነ ግን በቤትም ተስፋ አለ። አስቀድሞ ገመዱን መለወጥ ይገባል፤ ጥፋቱ የገመዱ ብቻ የሆነበት ጊዜ ጥቂት አይደለምና። ከዚያም ዋናው ሕግ፣ ከታመመው ዲስክ ላይ አንድ በአንድ ፋይል መልቀም ሳይሆን፣ ዲስኩን እንዳለ ወደ ሌላ ጤነኛና በመጠኑ ወደማያንስ ዲስክ መገልበጥ ነው። ለዚህ የሚያገለግል ጂ.ኤን.ዩ. ዲዲሬስኪው የሚባል በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም አለ። እርሱም በመጀመሪያ ጤነኛውን ክፍል በፍጥነት ይገለብጣል፣ የታመመውን እየዘለለ ያልፋል፣ በመጨረሻ ወደ ተዘለለው ተመልሶ በትዕግሥት ይሞክራል። የሠራውን ሁሉ በመዝገብ ስለሚጽፍ፣ መብራት ቢጠፋ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ይህም መብራት በየሰዓቱ ለሚጠፋበት አገር የተሰናዳ ይመስላል። ቅጂው ካለቀ በኋላ ፎቶሬክ የተባለው ሌላው ነጻ ፕሮግራም በቅጂው ላይ ፎቶግራፎችን ይፈልጋል። የፋይሎቹን ስም ግን አይመልስም፤ ስለዚህ ብዙ ሺህ ስም የለሽ ሥዕል ፊት ተቀምጦ «ይህ የማን ክርስትና ነው?» ብሎ መለየት የእናቶችና የአያቶች ሥራ ይሆናል።

ተስፋ መቁረጥ እንደማይገባ የሚያሳይ አንድ ታሪክ እናንሣ። ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ጥር 24 ቀን 1995 ዓ.ም. ወደ ምድር ስትመለስ በሰማይ ላይ ተሰባብራ ሰባቱም ተጓዦች አለቁ። ከወራት በኋላ በደረቀ የሐይቅ ወለል ላይ የተቃጠለ ሐርድ ዲስክ ተገኘ። ጆን ኤድዋርድስ የተባሉ ባለሙያ ሳሕኖቹን አውጥተውና በኬሚካል አጥበው በሌላ ጤነኛ ዲስክ ውስጥ ቢተክሏቸው፣ ከተጻፈው ውስጥ 99 በመቶው ተነበበ። ጉዳቱ የበረታው ምንም ባልተጻፈበት ክፍል ላይ መሆኑ ረድቷቸዋል። በዚያው ላይ የነበረውም የሳይንስ ሙከራ ውጤት በ2000 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ።

በዚያው በካርቱም አጠገብ፣ በኦምዱርማን፣ የተገላቢጦሹ ሆነ። በአህሊያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የመሐመድ ዑመር በሺር የሱዳን ጥናት ማዕከል ቤተ መጻሕፍት ግንቦት 2015 ዓ.ም. በእሳት ጠፋ፤ ወረቀት አንዴ ዐመድ ከሆነ የሚጠራለት ባለሙያ የለም። የሱዳን ትውስታ በሚል ስም የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ከሱዳን ባለሙያዎች ጋር ከጦርነቱ በፊት ያሰናዳው የፎቶግራፍ፣ የመጽሐፍና የፊልም ቅጂ ግን ከአገር ውጭ በመቀመጡ ዛሬም አለ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በሱዳን የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት በአብዛኛው በተቋረጠ ጊዜ፣ በኢንተርኔት ብቻ ያስቀመጡት ሰዎች ለጊዜውም ቢሆን ፎቶግራፋቸውን ማየት አልቻሉም ነበር። ስለዚህ አንዱን ቅጂ በኢንተርኔት፣ ሁለተኛውን በቤት፣ ሦስተኛውን በሌላ ከተማ በሚኖር ዘመድ እጅ ማኖር ይሻላል፤ የጎንደር አክስት ወይም የአዲስ አበባ ወንድም ይህን አደራ ቢቀበሉ፣ በዓመት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ በእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ ዲስኩን ከፍተው ፎቶግራፎቹ መታየታቸውን ይመርምሩ።