አይጧ በየት ገባች?

አዲስ አበባ ውስጥ ከጳውሎስ ሆስፒታል ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቀደም ሲል የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት ይባል ነበር፤ ዛሬም «ፓስተር» የሚለው የጉለሌ ሰው ብዙ ነው። ስሙ የመጣው ከፓሪሱ ፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። በቤታችን ግርጌ ያለች ቀዳዳ የጤና ጉዳይ እንደሆነች እንድናውቅ መንገዱን የከፈተውም ከዚያው ከፓሪሱ ተቋም የተላከ ሐኪም ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በሆንግ ኮንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 ፕላግ የተባለው ቸነፈር ከተማዋን ሲያጠቃ ሐኪሙ አሌክሳንደር የርሲን የበሽታውን ባክቴሪያ ለየ። በየቤቱና በየመንገዱ አይጦች ሞተው አየ፤ ሬሳቸውን ሲመረምርም ያንኑ ባክቴሪያ አገኘ። ከአይጥ ወደ ሰው በምን እንደሚሻገር ግን አልታወቀም። በ1896 ቸነፈሩ ቦምቤይ ሲገባ ቤቶች በካርቦሊክ አሲድ ታጠቡ፣ ነዋሪዎችም ከየቤታቸው እንዲወጡ ተደረገ። በሽታው ግን አልቆመም።

በ1897 ከፓሪሱ ተቋም የተላከው ሐኪም ፖል ሉዊ ሲሞንድ የየርሲንን ሥራ ሊቀጥል ሕንድ ደረሰ። አንድ ታሪክ ቀልቡን ሳበው። በአንድ የሱፍ ፋብሪካ ጠዋት ወለሉ ላይ ብዙ አይጦች ሞተው ተገኙ፤ 20 ሠራተኞች እንዲያጸዱ ታዘዙ። በሦስት ቀን ውስጥ አሥሩ ታመሙ፤ ወለሉን ካልነኩት ሠራተኞች አንድም አልታመመም። ሲሞንድ ሌላም ነገር አስተዋለ፦ አይጧ ገና እንደሞተች የነካ ሰው ይታመማል፤ ከሞተች ቆይታ የቀዘቀዘችውን የነካ ግን አይታመምም። በሕሙማኑ ቆዳ ላይ ደግሞ ውሃ የቋጠረች ትንሽ እብጠት አየ፤ ውስጧ ባክቴሪያው አለ። ከቀዘቀዘ ገላ ተነሥቶ የሚሄድ፣ ቆዳ የሚነክስ ምን አለ? ቁንጫ!

ሰኔ 1898 ካራቺ ውስጥ ሙከራውን አደረገ። የታመመች አይጥ ከነቁንጫዋ ትልቅ ጠርሙስ ውስጥ አኖረ። ልትሞት ስትቃረብ፣ ጤነኛ አይጥ ያለባት ትንሽ የሽቦ ቀፎ ከጎኗ አስገባ። ሁለቱ እንዳይነካኩ ሽቦው ይከለክላል፤ ለቁንጫ ግን ክፍት ነው። የታመመችው ሞተች፤ ከቀናት በኋላ ጤነኛዋም በዚያው በሽታ ሞተች። ቁንጫ በሌለበት ሲደግመው ግን በሽታው አልተሻገረም።

ብዙዎች አላመኑትም። ዓመታት አልፈው፣ ሕንድ ውስጥ የተቋቋመ የእንግሊዝ መርማሪ ቡድን ያንኑ አረጋገጠ። ያኔ ጥያቄው ዞረ፤ «ቤቱን በምን እናጥበው?» መባሉ ቀርቶ «አይጧ በየት ገባች?» ተባለ። በ1907 ቸነፈር ዳግም የገባባት ሳን ፍራንሲስኮ አይጥ ከመግደል ባሻገር ወለሎቿን በኮንክሪት አስደፈነች። በጃቫ ደሴት አይጦች በቤቶቹ ቀርከሃ ክፍተት ውስጥ ጎጆ መሥራታቸው ሲታወቅ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች አይጥ እንዳይደበቅባቸው ተደርገው ታደሱ።

ይህ ትምህርት ለጳውሎስ ሰፈር ሩቅ አይደለም። ቁንጫና አይጥ ፕላግ በሌለበትም የቁንጫ ታይፈስንና በአይጥ ሽንት የሚተላለፈውን ሌፕቶስፓይሮሲስን ይዘው ይዞራሉ። ከእንጦጦ ግርጌ ያሉት ብዙዎቹ የጭቃ ቤቶች የቆሙት በባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ እንደ ጥድና እንደ ወይራ ምስጥን አይቋቋምም፤ የምሰሶው እግር ሲበሰብስ ጭቃው ውስጥ ባዶ ቦይ ይተዋል። የመሠረቱ ድንጋይ ከግድግዳው የተላቀቀበት፣ የውሃ ቧንቧ የሚያልፍበትና የበሩ ሥር ሌሎቹ መግቢያዎች ናቸው። ለትልቅ አይጥ 12 ሚሊ ሜትር፣ ለትንሿ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ይበቃል። ክረምት ገብቶ ጎርፍ ጉድጓዷን ሲሞላባት አይጧ ደረቅ ቦታ ፍለጋ ወደ ቤት ትጠጋለች።

አይጧ የምትመላለስበትን ቀዳዳ ለመለየት ማታ አፉ ላይ ዱቄት ወይም አመድ መነስነስ ነው፤ ጠዋት ዱካዋ ይታያል። ከመድፈን በፊት ግን ቤት ውስጥ ያለችውን በወጥመድ መያዝ ይገባል፤ አለዚያ ግድግዳው ውስጥ ትሞትና ቁንጫዎቿ ሌላ ገላ ይፈልጋሉ። የሞተችውን በባዶ እጅ አለመንካት የሲሞንድ ትምህርት ነው።

ጨርቅ፣ ስፖንጅና ጭቃ ብቻውን አያዋጡም፤ የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ስለሚያድግ ስትቦረቡር ትኖራለች። ቀዳዳው ውስጥ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ወይም ቀዳዳው የጠበበ ወንፊት ሽቦ ጠቅጥቆ፣ በላዩ አንድ እጅ ሲሚንቶ ከሦስት እጅ አሸዋ ጋር ለውሶ መምረግና እስኪጠነክር ውሃ ማጠጣት ነው። የበሩን ሥር ደግሞ የቆርቆሮ ቁራጭ ይዘጋዋል።

ግድግዳ ለሚጋሩ ቤቶች ግን አንድ አባወራ ብቻውን አይበቃም። አንዱ ዘግቶ ሌላው ከተወው አይጧ ጎረቤት ትቀይራለች እንጂ አትሄድም። ስለዚህ ጉዳዩ በዕድር ስብሰባ ላይ ቢነሣ፣ የሲሚንቶው ዋጋ ለግቢው ቢከፋፈልና ክረምት ሳይገባ ሁሉም በአንድ ቅዳሜ ቢደፍን፣ ልጆቻችን የሚተኙበት ወለል ይበልጥ የተጠበቀ ይሆናል።